የእኔ ደመናና የአሪፋ በርበሬ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ሰማይ ሳንጋጥጥ የረዘመው አንገቴ ነው እንጂ እውቀቴ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ደግሞ ዘንድሮ ነው፤ ያውም በበርበሬ ምክንያት።

ሥራዬ የአየር ጠባይ መመልከት ነው። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ውኃው ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ፣ በሽቦ የታጠረች ትንሽ ጣቢያ አለች። የዝናብ መለኪያ አላት፣ ቴርሞሜትር የተቀመጠበት ነጭ ሳጥን አላት፣ አንድ የመስታወት ኳስም አላት። ኳሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ያቃጥላል፤ ፀሐይ የታየችበት ሰዓት ሁሉ በወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ደመና ከዋለ ወረቀቱ እንደገባ ይወጣል። ደመናውን ራሱን ግን የምለካው በዓይኔ ነው። ሰማዩን በሐሳቤ ስምንት ቦታ እከፍልና ስንቱ እንደተሸፈነ እጽፋለሁ። ግማሹ ከተሸፈነ አራት ስምንተኛ፣ ሙሉው ከተሸፈነ ስምንት ስምንተኛ። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው «ደመና ቆጣሪው ሰዓድ» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ የክብር ስም መስሎኝ ነበር።

ልብ በሉ፤ የተቀጠርኩት ያየሁትን እንድጽፍ ነው። ነገ የሚሆነውን ተናገር ያለኝ የለም። ግን ሰው ሰማይ የሚያይ ሰው ካገኘ ይጠይቃል፤ የተጠየቀ ሰው ደግሞ፣ በተለይ እንደኔ ያለው፣ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ሰዓድ፣ ጤፉን እንጨደው ወይስ ይቆይ?» ይሉኛል። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ ትንሽ አስጠብቄአቸው «ሁለት ቀን ይቆይ» እላለሁ። ከሆነ «ሰዓድ ብሎ ነበር» ይባላል። ካልሆነ «አላህ ያመጣው ነው» ይባላል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሰው ሊሳሳት አይችልም።

በዚህ ላይ የራሴ ንድፈ ሐሳብ ነበረኝ። ከየትም አላነበብኩትም፤ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሜ ያፈለቅሁት ነው። ደመና ከሥር ሲታይ ጥቁር ነው። ታዲያ የጠፋው ብርሃን የት ገባ? ደመናው ውጦት ነዋ! ፀሐይ ሲውጥ የዋለ ደመና ደግሞ ሆዱ ይሞቃል፣ ይጠግባል፣ ሲጠግብ ይበተናል። ስለዚህ በጣም የጠቆረ ደመና፣ በነጋታው እኩለ ቀን ሳይሞላ ይበተናል ማለት ነው። አያምርም? ለእኔማ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ያምር ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ይጠራኛል። የመስታወቱን ኳስ አቅፌ እሄዳለሁ። «ልጆች፣ ደመና ለምን ይጠቁራል?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። «ፀሐይን ስለዋጠ!» እላለሁ ሆዴን መታ መታ እያደረግሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሆዴን ስመታ ኖሬአለሁ።

ወደ በርበሬው ልምጣ። አንዲት ልጅ አለችን፤ ዑምኩልሱም ትባላለች፤ እዚያው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ኮምቦልቻ ለሚኖር ጨዋ ልጅ ታጭታ ሰርጓ ለጥር አጋማሽ ተቆረጠ። ሚስቴ አሪፋ ለዚህ ቀን ብላ ሐይቁ ዳር ካለችን ቁራሽ መሬት ላይ በርበሬ ዘርታ፣ አርማ፣ ለቅማ፣ አራት ማዳበሪያ ሞልታለች። በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት። የክርስቲያኑን ድስት የምትይዘው ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ተሻለች ናት፤ እኛም ለእሷ ልጆች እንዲሁ አድርገናል። ሥጋው ይለያያል እንጂ ሁለቱም ድስት የሚቀላው በአንድ በርበሬ፣ በአሪፋ በርበሬ ነበር። የገበያ በርበሬ እንግዛ ብላት «ምን እንደተቀላቀለበት የማላውቀውን ለልጄ ሰርግ? ወላሂ አላደርገውም!» አለችኝ። የሙሽራ እናት ክብሯ ድስቷ ላይ ነው።

ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ዛላውን ሸራ ላይ አሰጣችው። ግቢው ቀላ። በማግስቱ ደመናው መጣ።

ከሐይቁ ላይ ተነስቶ የከተማውን ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው ዝቅ ያለ ደመና ነው። ዝናብ የለው፣ ነፋስ የለው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጫፋቸው ጠፋ። «ስምንት ስምንተኛ» ብዬ ጻፍኩ። አሪፋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ሰዓድ፣ ምን ትላለህ? ይነሳል?»

ቀና ብዬ አየሁት። ጥቁር ነው። ጥሩ ምልክት! «ነገ እኩለ ቀን ሳይሞላ» አልኳት።

ነገ መጣ፤ ደመናው አልሄደም። «ገና አልጠገበም፣ ነገ» አልኩ። ሦስተኛው ቀን ከሁሉም የባሰ ጠቆረ፤ እኔም ከሁሉም የባሰ እርግጠኛ ሆንኩ። የኳሱን ወረቀት ሳወጣው አንዲት የቃጠሎ ነጥብ እንኳ የለበትም። «ተመልከቺ» አልኳት አሪፋን፣ ወረቀቱን እንደ ዲግሪ እያሳየሁ፤ «ሁሉንም ውጦታል። ነገ ይፈነዳል።»

በአራተኛው ቀን የአሪፋ እህት መስኡዳ ከአምባሰል ደወለች። ቤቷ ከመንገዱ በላይ፣ ከእኛ በብዙ ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ነው።

«እንዴት ዋላችሁ? እኛ ዘንድ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል» አለች። «እናንተ ላይ ግን ነጭ ደመና ተኝቷል። እህትዓለም፣ በርበሬውን ለምን አታመጪውም? ጣሪያው ባዶ ነው፣ ሜዳው ባዶ ነው።»

ስልኩን ከአሪፋ እጅ ተቀበልኩ። ሙያዬ ተነክቷላ! «መስኡዳ፣ ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው» አልኳት።

«ኧረ እያየሁት! ሲያዩት ዓይን ያማል!»

«አንቺ የምታይው ሌላ ደመና ይሆናል። ይህ የኛው እዚህ ሁኜ ስለካው ውፍረቱ እናንተንም አልፎ ይሄዳል።»

ከዚያ «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። እሷ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔ ከሥር ጨለማ ውስጥ ሆኜ፣ ፀሐይ የለም ብዬ እንዳሳመንኳት አስቡት።

አሪፋ ስልኩን ተቀብላኝ ሸራው አጠገብ ተቀመጠች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ እርጥቡን ዛላ ታገላብጥ ጀመር። ዑምኩልሱም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ታግዛለች። አንድ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምትለው ነገር ያላት መሰለኝ፤ ግን ምንም አላለችም። በአድናቆት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

አምስተኛው ቀን፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። ሰው ደመናውን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ተሻለች በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ጋሽ ሰዓድ፣ ይሄ ደመና አንጀቱ ስንት ክንድ ነው? አይጠግብም እንዴ?» አለች። እኔም በኮስታራ ፊት «ሊጨርስ ነው» አልኳት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አሪፋ ከመካከል አንድ ዛላ አንስታ ሰበረችው። ውስጡ ሻግቷል። ሌላ ሰበረች፤ እሱም። ከሥር ያለውን ገለጠችው፤ ከግማሽ በላዩ አመድ የነካው መስሏል። ጮሃ ብትሰድበኝ በወደድኩ። መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ «የልጄ ሰርግ ወጥ ነበር፣ ሰዓድ» አለችኝ። እንዲህ ቀስ ብላ የተናገረችኝ እናቷ የሞተች ቀን ብቻ ነው። አፈርኩ። ስምንት ቀን ሙሉ «ነገ» ያልኳት ስለ ደመናው ስላወቅሁ አልነበረም፤ ትናንት «ነገ» ስላልኩ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ አፋፉ ላይ ወጥቼ መውረጃ አጥቼ ነበር።

የተረፈውን ለየን። ሁለት ማዳበሪያ አልሞላም። ባልደረባዬ ጣቢያውን እንዲጠብቅልኝ ለምኜ «ወደ መስኡዳ ልውሰደው» አልኩ። እስቲ የኔን ነገር እዩት፤ ልወጣ ስል እንኳ ለተሻለች «በዚያውም ደመናውን ላጠናው ብዬ ነው» አልኳት።

ወደ ውጫሌ በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መንገድ ላይ ወረድኩ። የመስኡዳ ባል ሀሚዱ በሁለት አህያ ጠበቀኝ። ሽቅብ ስንያያዘው ደመናው ውስጥ ገባን። የፊቴን አህያ እንኳ በጭራዋ ብቻ ነበር የማያት። አሁን ነው የሚጨልመው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ የደመናው ሆድ ውስጥ ገብቼ የለ! ግን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየነጣ፣ እየነጣ ሄደ። የዋጠው ብርሃን ሆዱ ውስጥ ይቀራል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሆዱ ይልቅ ጀርባው አበራ። ከዚያ አንድ ኩርባ ስንዞር ራሳችንን ከውኃ እንዳወጣን ያህል ከደመናው ወጣን።

ሱብሃነላህ! ፀሐይ ከላይ፣ ፀሐይ ከታች። ሐይቁ የለም፣ ከተማው የለም፣ የኔ ጣቢያ የለችም። እስከ ማዶው ተራራ ድረስ ነጭ ነገር ተነጥፎ ዓይን ይወጋል። በመካከሉ ከከተማችን በላይ ያለችው ኮረብታ ጫፏን ብቅ አድርጋለች። ያቺን ኮረብታ ልጅ ሆኜ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣት። «ውፍረቱ እናንተንም አልፎ ይሄዳል» ያልኩት ደመና ከእሷ አይበልጥም።

«ይሄ ነው?» አልኩት ሀሚዱን።

«ይሄው ነው። ስምንት ቀኑ» አለኝ። ጨዋ ሰው ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጨመረም።

በርበሬውን ሜዳው ላይ አሰጣነው። አራት ቀን ቆየሁ። በርበሬው በሁለተኛው ቀን መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ያንን ነጭ ነገር ሳይ እውላለሁ። ነገሩ የገባኝ መስኡዳ ልብስ ስታጥብ ነው። በሳፋው ያለው ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ እንዶዱ ግን ሲታሽ አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሳ። ያው ውኃ ነው፤ በብዙ ጥቃቅን ተከፋፍሎ እንጂ። ደመናም እንዲሁ ነው ለካ። ከቁጥር በላይ የሆነ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ። ብርሃኑ አንዱን ይነካና ይዞራል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ያም ያዞረዋል፤ እንዲህ ሲቀባበሉት አብዛኛው በመጣበት ወደ ሰማይ ይመለሳል። ጥቂቱ ብቻ ሾልኮ እኛ ዘንድ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ከሥር የሚጠቁርብን። አልዋጠውም፤ መለሰው። ስላልዋጠውም አይሞቅም፣ አይበተንም። መሬቱም ከሥሩ ሳይሞቅ ይውላልና ደመናውን የሚያስነሳው ነገር የለም። እኔ «ጠቁሯልና ነገ ይሄዳል» ስል፣ እውነቱ «ጠቁሯልና ገና ይቆያል» ነበር። ቢያንስ ተገልብጬ ብቆም ኖሮ ትክክል እሆን ነበር።

ቅጣቴንም እዚያው ተቀበልኩ። ፀሐይ እንዳይመታኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ነበር። ግን ብርሃኑ ከታች ነበር የሚመጣው! በሦስተኛው ቀን አገጬ ሥርና የአፍንጫዬ ቀዳዳ ዙሪያ ተላጠ። መስኡዳ እስክትወድቅ ሳቀች። «ሰዓድዬ፣ ሰው ፀሐይ ግንባሩን ሲመታው አይቻለሁ፤ አገጩን የተመታ አንተን ብቻ አየሁ» አለችኝ።

ቤቴ ስመለስ ደመናው ሄዷል። በሄድኩ በአራተኛው ሌሊት ከምሥራቅ ነፋስ መጥቶ ጠርጎት ነው። ተሻለች በአጥሩ ላይ ሆና «ጋሽ ሰዓድ፣ አንተ ስትሄድ እሱም ሄደ። ቀድመህ ብትሄድልን ምን ነበረበት?» አለችኝ። አሪፋ በርበሬውን ተቀብላ አሸተተችው፤ ደርቋል፣ ቀልቷል፤ ግን ለሁለት ድስት የሚበቃ አይደለም። ተሻለችም ከራሷ ትንሽ ጨመረችበት፤ ትንሽ ነው የነበራት። አሪፋ ምንም አልወቀሰችኝም። አገጬን ቅቤ ቀባችልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ጥሪ ደረሰ። ኳሴን ታቅፌ ሄድኩ። መቼም በሕይወቴ ከባዱ ንግግር እሱ ነበር። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ዑምኩልሱም ከበሩ አጠገብ ቆማለች። «ልጆች» አልኩ፣ ሆዴን ልመታ የተነሳ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፤ «ለታላላቆቻችሁ ሁሉ ስህተት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ደመና ፀሐይን አይውጥም። እና ምን ያደርጋል መሰላችሁ?»

ዝም ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ያንጸባርቃል!» አለ።

ደነገጥኩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ተነሳች። «ከአሥር እጅ ስድስት ሰባቱን ወደ ሰማይ ይመልሳል። እሱ የሚውጠው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በትልልቅ ባሕሮች ላይ እንዲህ ዝቅ ያለ ደመና በጣም ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ፀሐይን እየመለሰ ምድርን ያቀዘቅዛል» ብላ አንድም ሳትሳሳት ወረደችው።

«ማን አስተማራችሁ?»

«ቲቸር ዑምኩልሱም።»

«መቼ?»

ልጅቱ ወደ አስተማሪዋ ዞር ብላ አየች። ዑምኩልሱም መሬት መሬት ታያለች። «አምና» አለች ልጅቱ፤ «አራተኛ ክፍል ሆነን እርስዎ በመጡ በማግስቱ። ሁልጊዜ እርስዎ በመጡ በማግስቱ ደመናን እንማራለን።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ዑምኩልሱም ብቻዋን በርበሬ ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

«ሰባተኛ ክፍል ሁኜ። ፈተና ላይ መጥቶ "ይውጣል" ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ሲያርመኝ "አባቴ ከአንተ ይበልጣል" ብዬው ቀኑን ሙሉ አንበረከከኝ» አለችና ሳቀች። «በኋላ መጽሐፉን ሰጠኝ፣ አነበብኩት። ልነግርህ ስመጣ ለእነ ተሻለች ልጆቹ እንዴት እንዳጨበጨቡልህ ታወራ ነበር።»

እጄ ቆመ። ከሰባተኛ ክፍል እስከ ዛሬ ቆጠርኩት፤ መቁጠር መቼም ሥራዬ ነው። ከዚያ የባሰው መጣብኝ።

«ታዲያ በዚያ ስምንት ቀን ደመናው እንደማይነሳ ታውቂ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር።»

«በርበሬሽ ሲሻግት እያየሽ! የሰርግሽ በርበሬ! ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

አንድ ዛላ ቀንጥሳ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች። «በርበሬ ይገኛል፣ አባባ» አለችኝ።

ሰርጉ ደረሰ። ሁለቱ ድስቶች ተጣዱ። ያንን ጥቂት በርበሬ አሪፋና ተሻለች እንደ ወርቅ ተካፍለውት ወጡ ቀይ ይሁን ቢጫ ሳይለይ ወጣ። እንግዳው ጨዋ ነው፤ «ለጤና ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ነው» እያለ በላ። ዑምኩልሱም ለመሄድ ስትነሳ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እኔም ግንባሯን ስሜ ቀና አደረግኳት። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ሲወጣ ሳህኔን ይዤ ዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ወርዶ የተላጠውን አቃጠለኝ።

ተሻለች እንጀራ ይዛ ስታልፍ አየችኝ። «ጋሽ ሰዓድ፣ ምነው?»

«ምንም አይደለም። በርበሬው ነው፣ አቃጠለኝ» አልኳት።

ተሻለች ሳህኔን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «እኔም ድስቴን የሠራሁት በዚሁ በርበሬ ነው» አለች። «አልጫ ነው እኮ፣ ጋሽ ሰዓድ።»